ያለቀለት ልግዛ ወይስ ከጥሬው ልሥራ? ኪስ የሚያራቁቱ ስህተቶች

አንድ ሰሞን የአስቤዛ ደብተር ይዤ ነበር። የገዛሁትን በአንድ ገጽ፣ የበላነውን በሌላ ገጽ እጽፋለሁ። ያኔ "የታሸገ ምግብ ቤቴ አይገባም፣ ሁሉንም ከጥሬው እሠራለሁ" ብዬ የማልኩበት ወቅት ነው። ወሩ ሲያልቅ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ሳያቸው ክው አልኩ። ወጪዬ ቀንሷል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ጨምሯል። ጥፋቱ ግን የጥሬ ዕቃው አልነበረም። ገንዘቡ የሄደው በገዛሁትና በበላነው መሀል በጠፋው ነገር ነው፦ የጠወለገ ሰላጣ፣ የሻገተ ቲማቲም፣ ለአንድ ማንኪያ ብዬ የገዛሁት ሙሉ ጠርሙስ፣ ደግሞ ቤት ምግብ እያለ ድካም አሸንፎኝ ከውጭ ያመጣሁት እራት።

ከዚያ ደብተር የተማርኳቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። አንዳንዶቹን ዛሬም እሠራቸዋለሁ።

የቆርቆሮውን ዋጋ ከከረጢቱ ዋጋ ጋር ማወዳደር

በአንድ እጃችን የታሸገ ሽምብራ፣ በሌላው ጥሬ ሽምብራ በከረጢት ይዘን እንቆማለን። ዋጋ እናያለን። የቆርቆሮው ያንሳል። አንስተን እንሄዳለን። ግን ያየነው ዋጋ የምን ያህል ምግብ ዋጋ ነው?

የተለመደው ቆርቆሮ 400 ግራም ይላል። ውሃው ሲጠነፈፍ የሚቀረው ፍሬ 240 ግራም ገደማ ነው። ሌላው የምትደፉት ፈሳሽ ነው። ጥሬው ደግሞ በተቃራኒው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲበስልም ከሁለት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሽምብራ ሲበስል 1.2 ኪሎ ገደማ ይወጣዋል። ይህ አምስት ቆርቆሮ ማለት ነው። ስለዚህ መወዳደር ያለበት የአንዱ ከረጢት ዋጋ ከአምስቱ ቆርቆሮ ዋጋ ጋር ነው። እንዲህ ሲሰላ ጥሬው አብዛኛውን ጊዜ በሰፊ ልዩነት ያሸንፋል፣ የማብሰያውን ወጪ ጨምራችሁበትም ቢሆን።

ሥጋ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሙሉ ዶሮ በኪሎ ሲታይ ከተገነጠለውና አጥንቱ ከወጣለት ይረክሳል፣ ነገር ግን አጥንቱንም እየመዘናችሁ ነው የምትገዙት። ከአጥንቱ መረቅ የምታወጡ ከሆነ ትርፍ ነው። ካልሆነ ልዩነቱ በጣም ይጠባል። "በኋላ እቀቅለዋለሁ" ብሎ የዶሮ አጥንት ፍሪዘር ውስጥ ስድስት ወር አስቀምጦ የጣለ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ያለቀለትን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት

"የተዘጋጀ ምግብ" ስንል አንድ ነገር የምናወራ ይመስለናል። ፍሪዘር ውስጥ የበረደ አተርም የተዘጋጀ ነው፣ የቲማቲም ድልህም፣ ኑድልም፣ በትሪ ታሽጎ ማይክሮዌቭ ብቻ የሚጠብቀው ሙሉ እራትም እንዲሁ። እነዚህን በአንድ ላይ "መጥፎ" ብሎ መፈረጅ ኪስንም ጤናንም አያግዝም።

የበረደውን አትክልት ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ እንደተለቀመ ብዙም ሳይቆይ በፈላ ውሃ ጥቂት ነክረው ያወጡትና ወዲያው ያቀዘቅዙታል። "ትኩስ" ብለን የምንገዛው ደግሞ መንገድ ላይ፣ መደብር ውስጥ፣ ከዚያም እኛ ፍሪጅ ውስጥ ቀናት ይቆያል፣ በየቀኑም ከቫይታሚን ሲው እየቀነሰ ይሄዳል። በዚያ ላይ የበረደው አይላጥም፣ አይቆረጥም፣ የምትፈልጉትን ያህል ዘግናችሁ ቀሪውን ትመልሱታላችሁ። እኔ ቤት የበረደ አተር ተጥሎ አያውቅም። ሰላጣ ግን ስንቴ እንደጣልኩ አትጠይቁኝ።

እኔ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ እዚህ ውስጥ የማንን ጉልበት ነው የምከፍለው? ሽምብራ መቀቀል ውሃ ውስጥ ካደረ በኋላ እንኳ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ እሳት ይፈልጋል። አይብ መፈቅፈቅ ሦስት ደቂቃ ነው። ለሦስት ደቂቃ ሥራ በኪሎ ብዙ ጨምሬ የምከፍልበት ምክንያት አይታየኝም። የኬክ ዱቄት የሚባለውን ደግሞ ጀርባውን አንብቡት። ዱቄት፣ ስኳር፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ የቫኒላ ጣዕም። እንቁላሉንና ዘይቱን ራሳችሁ ትጨምራላችሁ። በቃ፣ የተገዛው ዱቄትና ስኳር ነው። በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠው ፈጣን አጃም ያው አጃ ነው፣ ደቆ ስኳር ገብቶበት።

ቆርቆሮን ለሚንቁ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ምግብ ውስጥ ያለውን ጀርም በሙቀት ገድሎ ማሸግ በ1810 ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ከመንግሥት ሽልማት ያገኘበት ዘዴ ነው፣ እሱ በጠርሙስ ነበር የሚያሽገው። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ የቆርቆሮው ፓተንት ወጣ። መክፈቻው የመጣው ግን ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፣ እስከዚያ ሰው በመሮና በመዶሻ ነበር የሚከፍተው። እንዲህ የተደከመለትን ነገር እኔ አልንቅም።

የራስን ድካም አለመቁጠር

ደብተሬ ላይ ትልቁን ቀዳዳ የከፈተው ይሄ ነው።

አስቤዛ የምትገዛዋ እኔና ሐሙስ ማታ የምታበስለዋ እኔ ሁለት ሰዎች ነን። ቅዳሜ ጠዋት ላይ እኔ ጎበዝ ነኝ። ሊጥ አቦካለሁ፣ ሱጎ ከትኩስ ቲማቲም እሠራለሁ፣ አሳ እጠብሳለሁ እላለሁ። ሐሙስ ማታ ላይ ግን ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቼ እንኳ አልነቀልኩትም፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ኩሽና ቆሜ ቅርጫቱ ውስጥ ያሉትን ሽንኩርቶች አያለሁ። እነሱም ያዩኛል። መላጥ አለባቸው። መከተፍ አለባቸው። መጥበሻው የትናንቱን ይዟል፣ አልታጠበም። ስልኬን አወጣና ምግብ አዝዛለሁ።

ታዲያ የዚያን ቀን እራት ዋጋ ስንት ነው? ያዘዝኩት ብቻ አይደለም። ያልተሠራው አሳም ቅዳሜ ይሸታል፣ እሱም ይደመራል።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የታሸገ ምግብ የምናወዳድረው ሁልጊዜ ቤት ከተሠራው ጋር ነው፣ በደከመን ማታ ግን ተፎካካሪው ቤት የሚሠራው ምግብ ሳይሆን ከውጭ የሚታዘዘው ነው። ፍሪዘር ውስጥ ያለ አንድ የተዘጋጀ እራት ከጥሬው ከተሠራው ሊወደድ ይችላል፣ ከሬስቶራንቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በብዙ ይረክሳል። ስለዚህ አሁን ለሐሙሷ እኔ እገዛላታለሁ። ፓስታ፣ አንድ ቆርቆሮ ቲማቲም፣ እንቁላል፣ የበረደ አተር። ሃያ ደቂቃ፣ አንድ ድስት። አልፎ አልፎ ኑድልም ይበላል፣ አላፍርም። ብቻ እንቁላል ይሰበርበታል፣ የቅመሙ ፓኬት ደግሞ ግማሹ ብቻ ይገባል፣ ምክንያቱም ጨዉ የተከማቸው እዚያ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ከጥሬው ለመሥራት አታቅዱ። ጉልበት የሚኖራችሁን ሁለት ወይም ሦስት ቀን ምረጡና ለእነዚያ ብቻ ትኩስ ነገር ግዙ።

ለአንድ ምግብ ብሎ ጓዳ መሙላት

አዲስ የምግብ አሠራር ታያላችሁ። ዘጠኝ ዓይነት ነገር ይላል፣ አራቱ ቤት የለም። ከአንዱ የሚያስፈልገው አንድ ማንኪያ ነው። ትገዛላችሁ፣ ምግቡ ይጣፍጣል፣ ጠርሙሱ ዓመት ሙሉ የፍሪጅ በር ላይ ቆሞ ያያችኋል። በዚያ መንገድ የተሠራ ሱጎ ከተገዛው ሱጎ ይወደዳል። እኔ አሁን አንድን ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ሌላ ሁለት ምግብ ውስጥ የማስገባበትን ካላወቅኩ አልገዛውም። ወይ እዘለዋለሁ፣ ወይ ባለው እተካዋለሁ።

እሳቱን መርሳት

ጥሬው ረከሰ ብለን ደስ ሲለን ጋዙና ኤሌክትሪኩ በጎን ይቆጥራል። የተቀቀለ ነገር የምትወዱ ከሆነ እነዚህን ልብ በሉ።

ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት መጨመር ሙቀቱን አይጨምረውም። በባሕር ጠለል ላይ 100 ዲግሪ ነው፣ እዚያው ይቆያል። ትልቅ እሳት የሚያደርገው ውሃውን ማትነን ብቻ ነው። ስለዚህ ሲፈላ እሳቱን ቀንሱና ክደኑት። ከፍ ያለ ቦታ የምትኖሩ ደግሞ ውሃው ከ100 በታች ስለሚፈላ ባቄላና ሽምብራ የሚያስቸግራችሁ በዚህ ምክንያት ነው፣ ስንፍና አይደለም። ፕሬሽር ድስት ሙቀቱን እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ያወጣዋል። የሰዓታት ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል። ጥራጥሬ ለሚያዘወትር ቤት ዋጋውን ይመልሳል።

ጥራጥሬው ማታ ውሃ ውስጥ ይደር። ይህን ሁሉም ያውቃል። ቲማቲም ቀድሞ እንደማይገባ ግን እኔ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ቦሎቄ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት አንድ ላይ ጥጄ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ። አንዷን በማንኪያ አወጣሁና ነከስኳት። ጠጠር። ሌላ አርባ ደቂቃ። አሁንም ጠጠር፣ ቲማቲሙ ግን ታች ይዞ መሽተት ጀምሯል። ለካ የሚኮመጥጥ ነገር የፍሬውን ቆዳና ግድግዳ እንዳይላላ ይይዘዋል። ቲማቲምም ሎሚም የሚገባው ቦሎቄው ከበሰለ በኋላ ነው። የዚያን ቀን የተቃጠለው ጋዝ ስንት ቆርቆሮ ይገዛ ነበር!

ቀይ ቦሎቄ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። ጥሬው ውስጥ ሆድ ክፉኛ የሚያገለባብጥ ተፈጥሯዊ መርዝ አለ። የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉና በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ በደንብ ይንተክተክ። ቀስ ብሎ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ጥሬውን ጨምሮ መሄድ አደገኛ ነው፣ ሙቀቱ በቂ ስለማይሆን። የታሸገው ግን በስሎ የመጣ ስለሆነ ይህ ስጋት የለበትም።

ብዙ ሠርቶ በአራተኛው ቀን መጣል

ለሳምንት የሚሆን ሾርባ በአንድ ድስት። ሰኞ ይጣፍጣል። ማክሰኞም ምንም አይልም። ረቡዕ እጅ እጅ ይላል። ሐሙስ ማንም ክዳኑን አይከፍተውም። ዓርብ ይደፋል።

መፍትሔው ግማሹን በሠራችሁበት ቀን ፍሪዘር መክተት ነው፣ ሲሰለቻችሁ አይደለም። የበሰለ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል፣ ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ። ፍሪዘር ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ይሁን። ድስቱን ምድጃ ላይ አሳድሮ ጠዋት ፍሪጅ ማስገባት አይሠራም። በሁለት ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት፣ ጠለቅ ባለ ዕቃ ሳይሆን ሰፋ ባሉ ትንንሽ ዕቃዎች ተከፋፍሎ፣ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ። ሩዝ ላይ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ሩዝ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ መቀቀሉን ተቋቁሞ ያልፋል፣ ለብ ባለ ቦታ ሲቆይ የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ መልሶ በማሞቅ አይጠፋም።

ሌላው ዘዴ ያለቀ ምግብ ሳይሆን መነሻውን በብዛት መሥራት ነው። የተቀቀለ ሽምብራ፣ የተጠበሰ ሽንኩርት፣ ተራ የቲማቲም ሱጎ። እነዚህ አንድ ቀን ሾርባ፣ አንድ ቀን ፓስታ፣ አንድ ቀን ሰላጣ ላይ ይሄዳሉ። ስማቸውንና ቀኑን ጻፉባቸው። ሲበርድ ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ነው።

"ቤት የተሠራ ስለሆነ ጨው የለውም" ማለት

አለው። ሁለት የመረቅ ኩብ ከጣልንበት፣ ሶያ ሶስ ከጨመርንበት፣ ከላይ ደግሞ ጨው ከነሰነስንበት ከታሸገው በምን ይሻላል? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው የሚመክረው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ኩቡም ያለቀለት ምግብ ነው፣ አብዛኛው ጨው። የታሸገ ጥራጥሬን ደግሞ አጠንፍፎ በውሃ ማለቅለቅ ከጨዉ ጥሩ ድርሻ ያወጣል፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በአንድ ጊዜ ሁሉን መቀየር

ያ መሐላዬን አስታወሳችሁ? ሦስት ሳምንት ነው የቆየው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ብቻ እየቀየርኩ ሄድኩ። መጀመሪያ ጥራጥሬውን። ከለመድኩት በኋላ የሰላጣ ማጣፈጫውን፣ ዘይት፣ ሎሚና ሰናፍጭ በጠርሙስ መነቅነቅ ስለሆነ። የተፈቀፈቀ አይብም ቀረ። ዳቦ ሞክሬ ተውኩት፣ ሊጡ እስኪነሳ እቤት የምቀመጥበት ጊዜ የለኝም።

አሁን ደብተሩ ላይ "ይገዛ" በሚለው ሥር የታሸገ ቲማቲም፣ የበረደ አተር፣ ድልህና ዳቦ አለ። "ይሠራ" በሚለው ሥር ሽምብራ፣ ምስር፣ ሾርባና ኬክ። የተላጠ ነጭ ሽንኩርት መሀል ላይ የጥያቄ ምልክት ይዞ ተቀምጧል። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሐሙስ ማታ ጣቶቼ መሀል ተጣብቆ የሚቀረውን ያን ልጣጭ ሳስበው...