የመማሪያ ክፍል ከመገንባቱ በፊት የውስጥ አየሩን፣ ሙቀቱንና ብርሃኑን በንድፍ ላይ መመዘን

አንድ ክፍል ለሚገለገልበት ሰው የሚስማማ መሆን አለመሆኑ መታወቅ ያለበት ቀለም ተቀብቶ ቁልፉ ከተረከበ በኋላ ሳይሆን፣ መስኮት ለማስፋት ላጲስና እርሳስ ብቻ በሚበቃበት በንድፍ ወቅት ነው። ለማሳያ የምወስደው በአዲስ አበባ ሊሠራ የታሰበ፣ ወለሉ 7 በ8 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነና 50 ተማሪዎች የሚቀመጡበትን የመማሪያ ክፍል ነው። ይህን የመረጥሁት ልጆች ክፍሉ ባይመቻቸው ተነሥተው የመውጣት መብት ስለሌላቸው ነው።

ከማንኛውም ስሌት በፊት መመዘኛው በጽሑፍ ይቀመጥ። ለዚህ ክፍል የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከ1,000 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር አንድ ሺህ እጅ) እንዳያልፍ፣ በዴስኩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከ300 ሉክስ እንዳያንስ፣ በትምህርት ሰዓት ከውጭ የሚገባው ድምፅም ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ እንወስን። መመዘኛው አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ ስሌቱ የሰጠውን ውጤት ሁሉ በቂ ነው ብሎ የመቀበል ፈተና አለ።

ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው አየሩ ነው፤ በእኔ እይታ በንድፍ ላይ ከሁሉ በላይ የሚዘነጋውም እርሱ ነው። ተቀምጦ የሚማር ልጅ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በሰዓት 15 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያው ጋዝ ሰፍቶ 20 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ሃምሳ ልጆች በሰዓት 1 ሜትር ኩብ ያወጣሉ ማለት ነው። የክፍሉ ይዘት 168 ሜትር ኩብ በመሆኑ፣ የውጭው አየር 420 ፒፒኤም ገደማ ከሆነና መስኮቶቹ ከተዘጉ 1,000 ፒፒኤም ለመድረስ 6 ደቂቃ ያህል ብቻ ይበቃል። መጠኑን ከዚያ በታች ለመያዝ በሰዓት ወደ 1,700 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር መግባት አለበት፤ ይህም የክፍሉ አየር በሰዓት 10 ጊዜ ያህል እንዲለወጥ ይጠይቃል።

ይህ ቁጥር በቀጥታ ወደ መስኮቱ ስፋት ይመራል። አየሩ በክፍተቱ ውስጥ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ይጓዛል ብለን ብንነሣ፣ መግቢያው 1 ካሬ ሜትር፣ በተቃራኒው ግድግዳ ያለው መውጫም 1 ካሬ ሜትር የተከፈተ ቦታ ይፈልጋሉ። በከተማችን የተለመደው ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት ደግሞ የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ስለሆነ፣ በሥዕሉ ላይ በእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ 2 ካሬ ሜትር መስኮት ሊታይ ይገባል። መስኮት በአንድ ወገን ብቻ ያለው ክፍል ነፋስ ስለማያሳልፍ ይህን መመዘኛ የሚያሟላው በጭንቅ ነው።

ለሙቀት በመስኮት ለሚተነፍሱ ሕንፃዎች የተዘጋጀውን የአሽሬ 55 (የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው የምቾት ደረጃ) ስሌት መጠቀም ይቻላል፦ የውጭውን አማካይ ሙቀት በ0.31 አባዝቶ 17.8 መደመር። የውጭው አማካይ 16 ዲግሪ ቢሆን ውጤቱ 22.8 ይሆናል፤ ከዚህ 3.5 ዲግሪ ወደ ላይና ወደ ታች ብዙ ሰው ይቀበለዋል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ክፍሉ ከ19 ዲግሪ በታች ወርዶ እንደሆነ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ከ26 በላይ ወጥቶ እንደሆነ ለየብቻ ይፈተሽ፤ የቀኑ አማካይ ሁለቱንም ይደብቃል። የአየሩን ሙቀት ብቻ ማየትም አይበቃም። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በቀትር ሲግል ሙቀቱን በጨረር በልጆቹ ራስ ላይ ያወርዳልና የጣሪያው የውስጥ ገጽ ሙቀት በስሌቱ ይግባ።

ፀሐይን በተመለከተ ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ በሰሜን፣ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ታልፋለች። በታኅሣሥ ቀትር ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለምትል፣ 1.5 ሜትር ቁመት ያለውን የደቡብ መስኮት ሙሉ በሙሉ ለመጋረድ 95 ሳንቲ ሜትር የወጣ ጥላ ይበቃል። በምሥራቅና በምዕራብ ግን ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ እንዲህ ያለው ጥላ አይረዳም፤ ረጅሙ ግድግዳ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንዲዞር የሚመከረው ለዚህ ነው።

ብርሃን ከመስኮቱ አናት ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ይደርሳል ብሎ መነሣት ለመጀመሪያ ግምት ያገለግላል። አናቱ 2.4 ሜትር ከሆነ 5 ሜትር አካባቢ ላይ ይደክማል፤ የ7 ሜትሩ ክፍል እንግዲህ በዚህም ምክንያት በሁለት ወገን መስኮት ይሻል። ስለ ድምፅ በአጭሩ፦ ኮርኒስና ድምፅ የሚውጥ ንጣፍ የሌለው ቆርቆሮ በሰኔ ዝናብ የመምህሩን ድምፅ ያጠፋዋል።

እነዚህ ሁሉ ለየብቻ ከተሰሉ በኋላ በአንድ ሰንጠረዥ በሰዓትና በወር ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ለአየሩ የተከፈተው መስኮት ጠዋት ብርድ፣ በመንገድ በኩል ደግሞ ጫጫታና አቧራ ያስገባልና። መንገዱ በአንድ ወገን ካለ የአየሩ መግቢያ በግቢው በኩል ይሁን። በነፃ የሚገኘው ኢነርጂፕላስ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የዓመቱን ሰዓት ሁሉ ያሰላል፤ ሆኖም ከፍታው፣ የተማሪው ቁጥርና መስኮቱ የሚከፈትበት ሰዓት በትክክል ካልገቡለት የሚሰጠው ሥዕል የሌላ ቦታ ክፍል ነው።

ሕንፃው ሥራ ሲጀምር በኅዳርና በሰኔ፣ ልጆቹ በተቀመጡበት፣ ቢያንስ አንድ አንድ ሳምንት ይለካ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያው ከፍታን የሚቀበል ማስተካከያ ካለው 2,350 ሜትር ይሞላለት፤ ያለዚያ የተለመደው ዓይነት መለኪያ በስስ አየር ውስጥ ከእውነተኛው በታች ያነባል፣ የታፈነውንም ክፍል ደኅና ነው ይላል።