ሞተሩን ልቀይር ወይስ መኪናውን?

ዳገት ላይ ነህ። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጠኸዋል፣ ከኋላህ ያለው ሁሉ ክላክስ ያደርጋል፣ መኪናህ ግን ያቃስታል እንጂ አይስብም። ማታ ቤት ስትገባ ስልክህን ታወጣና ወይ የሚሸጥ ሞተር ትፈልጋለህ፣ ወይ የሚሸጥ መኪና። እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። አንዴ ሞተር አስቀይሬያለሁ፣ አንዴ ደግሞ ገንዘብ ጨምሬ መኪና ለውጫለሁ። ሰው ምክር ሲጠይቀኝ ግን መልሴ መጀመሪያ ሁለቱም አይደለም።

መጀመሪያ የጠፋብህን ጉልበት ፈልግ።

አንድ ጓደኛዬ 1.6 ሊትር ሞተሩን አውጥቶ 1.8 ሊያስገባ ዋጋ እየተከራከረ ነበር። ሞተሩን አጥፍተን ኮፈኑን ከፈትን። እሱ ውስጥ ገብቶ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረገጠው፣ እኔ የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ፈትቼ ውስጡን አየሁ። አየር የምታሳልፈዋ ክብ ሳህን ግማሽ መንገድ ሄዳ ቆመች። ገመዱ ላልቷል። በዚያ ላይ ፔዳሉ ስር ወፍራም ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ተደርቧል! አንዱን ምንጣፍ አውጥተን ገመዱን ወጠርነው፤ መኪናው ሌላ መኪና ሆነ። ሞተር ሊሸጥለት የነበረው ሰውዬ አሁንም ይደውልለታል።

ይሄ በገመድ ለሚሠራ ነው። ነዳጅ አሰጣጡ በኤሌክትሪክ ከሆነ በኮምፒውተር ማየት ይሻላል። ሌላውንም አትለፈው። የአየርና የነዳጅ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ውስጡ የታፈነ ጭስ ማውጫ። የሞተሩ ዙር እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፣ አዲስ ሞተር ብታስገባም ያው ነው። ፍሬን ብዙ ሳትይዝ ትንሽ ነድተህ ስትቆም አንዱ ጎማ ጋ ብቻ ሙቀት ከተሰማህ ደግሞ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ማለት ነው፤ እስከ ዛሬ መኪናህን እየነዳህ ሳይሆን እየጎተትክ ነበር።

ከዚያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚያምቁበትን ግፊት አስለካ። ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 200 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ውስጥ ያሳያል፣ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን ተመልከት። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በ15 በመቶ ካነሰ ሞተሩ እየደከመ ነው። ይሄን ውጤት ጻፈውና አስቀምጠው፣ በኋላ ይፈርድልሃል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳል፣ ከፍታ። ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። 2,400 ሜትር ላይ የምትነዳ ከሆነ 100 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው ከ75 ብዙም አይበልጥም። ቱርቦ ያለው በከፍታ ብዙም አይጎዳም። ስለዚህ ሞተርም ሆነ መኪና ስትመርጥ ወረቀቱን ብቻ አትመን።

ወረቀት ካነሳን አይቀር። "ጉልበት እፈልጋለሁ" ስትል የትኛውን ነው? የቶዮታን ሁለት 1.8 ሊትር ሞተሮች ውሰድ። 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ከ120 እስከ 140 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው፣ 2ዜድዜድ-ጂኢ ደግሞ 190 ገደማ። ሲነበብ ያጓጓል። የመሳቢያ ኃይላቸውን፣ ማለትም ቶርካቸውን ስታይ ግን አንዱ ወደ 170 ኒውተን ሜትር፣ ሌላው ወደ 180 ነው። ትርፉ የፈረስ ጉልበት የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ ከ6,000 ዙር በላይ ሲጮህ ነው። አንተ ቤተሰብ ጭነህ በ2,500 ዙር ዳገት የምትወጣ ከሆነ ያን ሁሉ ወጪ አውጥተህ ልዩነቱን በጭራሽ ላትሰማው ትችላለህ። ዳገትና ጭነት ከሆነ ችግርህ፣ በዝቅተኛ ዙር የሚስብ ፈልግ።

አሁን ወደ ሞተር መቀየሩ። የኔን ልንገርህ። አሮጌው ወርዶ አዲሱ (ማለቴ ያገለገለው) ለመግባት 4 ቀን ፈጀ። ደስ አለኝ። ቁልፉን አዞርኩ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ 2 ሰከንድ ያህል ቆየና ጠፋ። እንደገና። ተነሳ፣ ጠፋ። መካኒኩ ነዳጅ ነው አለ፣ ፓምፕ ቀየርን። ተነሳ፣ ጠፋ። ለካ ከሞተሩ ጋር የመጣው ኮምፒውተር የሚያውቀው የራሱን ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቺፕ ሲያጣ ሌባ የመጣ መስሎት ያጠፋዋል። ቁልፉ ደግሞ ሞተሩ ከወጣበት መኪና ጋር ሄዷል። ያቺን ነገር እስክንፈታ መኪናው 2 ወር ቆመ፣ እኔ በእግሬ።

ስለዚህ ሞተር ብቻ አትግዛ። ከነኮምፒውተሩ፣ ከነኤሌክትሪክ ገመዱ፣ ከነቁልፉ፣ ቢቻል ከነካምቢዮውና ጎማውን ከሚያዞሩት ዘንጎች ጋር ግዛ። የተጋጨ ሙሉ መኪና ወይም ከፊት የተቆረጠ ግማሽ ካገኘህ እሱ ነው የሚያዋጣህ፤ ውድ ይመስላል እንጂ በየቀኑ "ይቺ ትንሽ ዕቃ ጎደለች" እያልክ ከመሮጥ ያድንሃል።

ሞተር ሲወርድ ደግሞ ሌላ ወጪ ይከፈታል። "ከወረደ አይቀር" የምትለዋ የመካኒክ ቃል ኪስ ታራቁታለች፣ ችግሩ ግን ሰውዬው ልክ ነው። ታይሚንግ ቤልት፣ የውሃ ፓምፕ፣ ፍሪሲዮን፣ የዘይት ማገጃ ጎማዎች አሁን ካልተቀየሩ ነገ ሞተሩ ደግሞ ይወርዳል። ራዲያተሩም ለትንሹ ሞተር የተሠራ ነው። ፍሬኑም እንደዚያው። ፍጥነትህ ከ80 ወደ 100 ሲያድግ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ኃይል ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ፋብሪካው ጠንከር ያለውን ሞተር ሲገጥም ብዙውን ጊዜ ዲስኩንም፣ ሞላውንም፣ ካምቢዮውንም አብሮ ያጠነክራል። ሌላ መኪና ስትገዛ የምትከፍለው ለዚህ ሁሉ ነው፣ ለሞተሩ ብቻ አይደለም። እኔ ይሄ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሊብሬም አለ። ሞተር ቁጥርና ሲሲ (የሞተሩ መጠን) ሲቀየር ማስመዝገብ ይኖርብሃል፣ ኢንሹራንሱም ማወቅ አለበት። ይሄን ሞተሩን ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ። ወረቀት የሌለው ሞተር በነፃ ቢሰጡህም ይቅርብህ።

እንዴት ልወስን ካልከኝ፣ አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈል። በአንድ በኩል ሞተሩ፣ አብረውት የሚቀየሩት፣ የእጅ ዋጋ፣ መኪናው ቆሞ የምትከፍለው ትራንስፖርት፣ በዚያ ላይ ለማይታወቀው 30 በመቶ ጨምር። በሌላ በኩል የምትፈልገው መኪና ዋጋ፣ ያንተ ዛሬ ባለበት ሁኔታ የሚሸጥበት ተቀንሶ፣ የስም ማዛወሪያና ኢንሹራንሱ ተጨምሮ። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ግማሽ ካለፈ እኔ መኪናውን እለውጣለሁ። ምክንያቱም ሞተር ላይ ያፈሰስከው ገንዘብ ስትሸጥ አይመለስም። ገዢ "ሞተሩ ተቀይሯል" ሲባል እንኳን ሊጨምርልህ ይሸሻል።

ሞተር ቀይር የምልህ ኮምፕሬሽኑ ወርዶ ሞተሩ ለማንኛውም የሚወርድ ከሆነ፣ ቦዲው ጤነኛ ከሆነና ፋብሪካው በዚያው ሞዴል ላይ ትልቁን ሞተር ገጥሞ ሸጦ ከነበረ ነው። ያኔ ብዙው ነገር ያለ ብየዳ ይገጥማል። ወይም የአባትህ መኪና ከሆነና መቼም የማትሸጠው ከሆነ። ለዚያ ሒሳብ አይሠራም፣ ዝም ብለህ አሠራው።

ለመለወጥ ከወሰንክ ጠንካራ መኪና ብዙ ጊዜ በጠንካራ እግር እንደተነዳ አትርሳ። ስትሄድ እጅህን ኮፈኑ ላይ አድርግ። ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፣ ሌላ ቀን ተመለስ። ቀዝቅዞ ሲነሳ ጭሱን እይ፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል፣ ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ከሆነ የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። አራቱ ጎማዎች አራት ዓይነት ከሆኑ ባለቤቱ ሌላውንም እንደዚያው ነው የያዘው።

ከዚያ ሜዳ ላይ ሞክረህ አትመለስ። ያንኑ የሚያስለቅስህን ዳገት፣ ኤሲ ከፍተህ፣ ቤተሰቡን በሙሉ ጭነህ ውጣው። ሻጩ "ሁሉም ሰው ለምን ይገባል?" ካለህ መልስ ሳትሰጥ የኋላውን በር ክፈትላቸው።