የለመዱት የሞተር ዘይት ከገበያ ሲጠፋ ምትክ እንዴት ይመረጣል?

ሱቅ ገብተው 5ደብሊው 30 (ጋሎኑ ላይ 5W-30 ተብሎ የሚጻፈውን) የሞተር ዘይት ሲጠይቁ “እሱ ጠፍቷል፣ ይሄን ይውሰዱ፣ ያው ነው” ተብለው 20ደብሊው 50 ይሰጥዎታል። ያው አይደለም። ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ዘይቶች ናቸው። እነሱን ለመሥራት በጣም የተጣራ፣ ግሩፕ 3 የሚባል መነሻ ዘይት ይፈለጋል፤ ይህን በብዛት የሚያመርቱት ደግሞ እንደ ደቡብ ኮሪያ፣ ኳታር፣ ኤምሬትስና ባህሬን ያሉ ጥቂት አገሮች ናቸው። ወፍራሙ 20ደብሊው 50 ከተራ መነሻ ዘይት ስለሚሠራ ከመደርደሪያ ላይ እምብዛም አይጠፋም።

1. መኪናዎ የሚፈልገውን ይወቁ። ከጃፓን ያገለገለ ሆኖ የገባ ቶዮታ ቪትዝ የመመሪያ መጽሐፉ ቢኖር እንኳ በጃፓንኛ ነው፤ ስለዚህ ኮፈኑን ከፍተው የዘይት መሙያውን ክዳን ይዩ። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ እዚያ ላይ ተቀርጿል።

2. ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛውን መልቀቅ፣ የትኛውን መያዝ እንዳለብዎት ይለዩ። ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል። 5ደብሊው የሚፈተነው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ፣ 10ደብሊው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ላይ፣ 15ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቢመታትም እዚያ አትደርስም። ስለዚህ በአገራችን አየር በ5 እና በ10 መካከል ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም።

ከደብሊው በኋላ ያለው ግን ሞተሩ ግሎ ሲሠራ የሚኖረው ውፍረት ነው፤ ይህን በቀላሉ አይልቀቁ። በ100 ዲግሪ ሙቀት 30 ቁጥር ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው)፣ 40 ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ነው። 50 የ30ን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል ማለት ነው። ቪቪቲአይ (የቶዮታ የቫልቭ ጊዜ ማስተካከያ) ያላቸው ሞተሮች የቫልቩን ጊዜ የሚያስተካክሉት በጠባብ ቀዳዳና በደቃቅ ወንፊት በሚያልፍ ዘይት ነው። በወፍራም ዘይት ጠዋት ሲነሳ ከላይ ይንኳኳል፣ ጉልበቱ ይዘገያል፣ ቤንዚንም ይጨምራል። ከሚገባው በላይ ከቀጠነ ደግሞ የዘይቱ ሽፋን ይሳሳና ብረት ከብረት ይነካካል፤ ሞተሩ ግሎ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሆን የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል።

ስለዚህ 5ደብሊው 30 ከጠፋ በቅድሚያ 0ደብሊው 30 ወይም 10ደብሊው 30 ይፈልጉ። ካልተገኘ 5ደብሊው 40 ወይም 10ደብሊው 40 ይሁን፤ 15ደብሊው 40 ከነዚህ ቀጥሎ ይመጣል። 20ደብሊው 50ን ለአሮጌ ባለካርቡሬተር ሞተር ይተዉት። 0ደብሊው 20 የሚፈልግ መኪና 5ደብሊው 30 ቢጨመርለት አይጎዳም፤ በሚቀጥለው ቅያሪ ወደ ራሱ ይመለስ። ወደ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ጭኖ የሚመላለስ መኪና መጽሐፉ እስከፈቀደ ድረስ 40 ቁጥር ይሻለዋል። ዘይት የሚበላ ሞተርም ከ30 ወደ 40 ሲሻገር ፍጆታው ሊቀንስ ይችላል፤ ያለቀ የፒስተን ፋሻን ግን አይጠግንም።

3. ፊደሎቹን ያንብቡ። ኤፒአይ (የዘይት ደረጃ የሚያወጣው የአሜሪካ የፔትሮሊየም ተቋም ስም) ከሚለው ቀጥሎ ኤስ ካለ ለቤንዚን፣ ሲ ካለ ለናፍጣ ነው። ከኤስ ቀጥሎ ያለው ፊደል በእንግሊዝኛው ተራ ከኤ እየራቀ ወደ ዜድ በቀረበ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው፤ ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 የወጡ ናቸው። ኤስኤፍ የሚል ካዩ ይመልሱት፤ እስከ 1988 ለተሠሩ ሞተሮች የወጣ ደረጃ ነው። ትክክለኛ ውፍረት ያለው ኤስኤፍ ከመግዛት ትንሽ የወፈረ ኤስኤን መግዛት ይሻላል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

4. እሽጉን ይመርምሩ። የክዳኑ ቀለበት ተበጥሶ እንደገና የተገጠመ ከሆነ፣ የምርት ቁጥሩ ከተፋቀ ወይም ዋጋው ከሌላው በጣም ከወረደ አይግዙ። ዘይት ሲጠፋ የድሮ ጋሎን እየሞሉ የሚሸጡ ይበዛሉ። እርስዎም ባዶውን ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት ጎኑን በቢላ ይቅደዱት።

5. ይቀይሩ። ሞተሩን አምስት ደቂቃ አሙቀው በማይንሸራተት ቦታ ላይ ያቁሙ፣ ከሥር ያለውን ማፍሰሻ ቡሎን ፈተው ያንጠፍጥፉ። ቶዮታ ላይ ብዙውን ጊዜ 14 ቁልፍ ነው። ሮንዴላው ተቀይሮ ቡሎኑ ተመልሶ ይጥበቅ።

ፊልትሮው ላይ ግን አይቸኩሉ። አሮጌው ሲፈታ ጎማው ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ሳይታይ አዲሱ በላዩ ከተጠመደ ሁለቱ ጎማዎች ተንሸራተው መንገድ ላይ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ይተፉታል፤ ሞተርም በደቂቃዎች ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። ቦታውን በጣትዎ ዳሰው ይጥረጉ፣ የአዲሱን ጎማ ዘይት ቀብተው በእጅ ያጥብቁ፤ ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃዋል።

1.3 እና 1.5 ቪትዝ ላይ የሚገኙት የኤንዜድ ሞተሮች ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ያህል ይይዛሉ። መጀመሪያ 3.3 ይጨምሩና ሞተሩን አስነስተው መብራቱ መጥፋቱን ያረጋግጡ። አጥፍተው አምስት ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ በመለኪያ ዘንጉ እያዩ ይሙሉ። ከላይኛው ምልክት ማለፍ የለበትም፤ የሚሽከረከረው ክራንክሻፍት ዘይቱን ይመታውና አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ አያለሰልስም።

6. ሙሉ ጋሎን ካላገኙስ? መለኪያው ከታችኛው ምልክት ወርዶ ከመንዳት የሌላ ኩባንያ ወይም ቀረብ ያለ ቁጥር ያለው ዘይት መጨመር በጣም ይሻላል። የሞተር ዘይቶች እርስ በርስ ይቀላቀላሉ። የካምቢዮ ዘይት፣ የሃይድሮሊክ ዘይትና በጨርቅ የተጣራ የተቃጠለ ዘይት ግን በፍጹም አይግባ።

ዘይት ስለጠፋ ቅያሪውን ለማራዘም ከፈለጉ ሰዓቱን ያስሉ። በአዲስ አበባ መጨናነቅ በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት 333 ሰዓት ይሠራል፤ በ60 የሚጓዝ የክፍለ ሀገር መኪና 83 ሰዓት ብቻ። ከተማ ውስጥ የሚውል መኪና ላይ 5,000ውን አያሳልፉ።