ሊኑክስን በፍላሽ ይዘው ሲዞሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፍላሽ ወይም በኤክስተርናል ዲስክ ላይ የጫኑት ዴቢያን (ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ)፣ በጫኑበት ኮምፒውተር ላይ ወራት ያለ እንከን ሊሠራ ይችላል። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩት ግን ጥቁር ስክሪን ላይ ይቆማል። ፍላሹ አልተበላሸም፤ አንዱ ቅንብር የድሮውን ኮምፒውተር እየፈለገ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሩት ፋይል ሲስተሙን (ሲስተሙ ራሱ ያለበትን ክፍል) ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ በሚሉት ስሞች በመጥራት ነው። እነዚህን ስሞች ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የሚያድለው ዲስኮቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል ነው። ቤትዎ ኤስዲቢ የነበረው ፍላሽ፣ የራሱ ዲስክ ኤንቪኤምኢ (ሌላ ዓይነት ስም የሚሰጠው ፈጣን ዲስክ) በሆነ ላፕቶፕ ላይ ኤስዲኤ ሊሆን ይችላል። ፋይል ሲስተሙ ሲፈጠር የተሰጠውን መለያ፣ ዩዩአይዲውን፣ ይጠቀሙ። ሌብልም (ሰው ራሱ ለፋይል ሲስተሙ የሚያወጣው ስም) ይሠራል፤ ነገር ግን «ሩት» ዓይነት ተራ ሌብል በሌላ ሰው ዲስክ ላይም ሊኖር ስለሚችል እኔ አልመክረውም።

ኤፍኤስታብን (ሲስተሙ ሲነሳ የሚከፈቱት የዲስክ ክፍሎች የተዘረዘሩበትን ፋይል) አስተካክለው የቡት መስመሩን የሚረሱም አሉ። ኤፍኤስታብ ራሱ የሚገኘው እኮ ሩት ውስጥ ነው፤ ሩት ካልተከፈተ በምን ይነበባል? ቦታውን መጀመሪያ የሚናገረው ግራብ (ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ለከርነሉ የሚያቀብለው መስመር ነውና ሁለቱ መስማማት አለባቸው። ያለ ኢኒትራምኤፍኤስ (ሩት እስኪከፈት ድረስ የሚያገለግል፣ ድራይቨሮችን የያዘ ጊዜያዊ ፋይል ሲስተም) የሚነሱ ከሆነ ደግሞ ከርነሉ ብቻውን የፋይል ሲስተም ዩዩአይዲን አይረዳም፤ የፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍል) መለያ፣ ፓርትዩዩአይዲን፣ ይስጡት። ዩኤስቢ ዘግይቶ ስለሚታይ «ሩትዌይት» የሚለውን ቃል ይጨምሩበት፤ ዲስኩ እስኪመጣ ይጠብቃል።

ይበልጥ የሚያደክመው ኢኒትራምኤፍኤሱን ማሳነስ ነው። በዴቢያን «ሞጁልስ» የሚለው ቅንብር «ዴፕ» ከተባለ፣ ውስጡ የሚገቡት ያን ጊዜ ላሉበት ኮምፒውተር የሚያስፈልጉ ድራይቨሮች ብቻ ናቸው። ዩዩአይዲው ትክክል ሆኖ ሳለ ሩት የማይገኘው አንዳንዴ በዚህ ነው፤ ሰው ግን ሰዓታት የሚያጠፋው ኤፍኤስታብን በመመርመር ነው። «ሞስት» ያድርጉትና ኢኒትራምኤፍኤሱን እንደገና ይሥሩ፤ የቆዩ ከርነሎችም ካሉ ለሁሉም።

ሲስተሙን የጫኑበትን ኮምፒውተር የራሱን ዲስክ በኤፍኤስታብ ውስጥ አይተዉ። የማይገኝ ስዋፕ (ለራም ማገዣ የሚሆን የዲስክ ክፍል) ቡቱን 90 ሰከንድ ያህል ሊያዘገየው ይችላል፤ የማይገኝ የዳታ ፓርቲሽን ደግሞ ሲስተምዲን (አገልግሎቶችን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ወደ ኢመርጀንሲ ሞድ፣ ለጥገና ብቻ ወደሚሆን ሁኔታ፣ ይወስደዋል። የግድ ካስፈለገ «ኖፌይል» (ባይገኝም ቀጥል) ይጻፉበት።

ግራብ በዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩን መጀመሪያ በሚያስነሳው የማዘርቦርድ ሶፍትዌር) ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘገበው በማዘርቦርዱ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ነው፤ ያ ምዝገባ ከፍላሹ ጋር አይሄድም። «ሪሙቫብል» በሚለው አማራጭ፣ በራሱ በፍላሹ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ላይ ይጫኑት። ይህን በተለይ አደራ የምለው በሰው ኮምፒውተር ላይ ለሚጭን ነው፤ ግራብ የባለቤቱ ዲስክ ላይ ከገባ፣ ፍላሹን ነቅለው ሲሄዱ የእሱ ኮምፒውተር ላይነሳ ይችላል።

ፍላሹን በዲዲ ትእዛዝ (ዲስክን እንዳለ በሚገለብጠው) ገልብጠው ቅጂ ካስቀመጡ፣ ቅጂውም ያንኑ ዩዩአይዲ ይይዛል። ሁለቱ አብረው ከተሰኩ የትኛው እንደሚከፈት እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ በአሮጌው ቅጂ ላይ ቀኑን ሙሉ ሊሠሩ ይችላሉ። ፋይል ሲስተሙ ኤክስት4 (የተለመደው የሊኑክስ ዓይነት) ከሆነ ቅጂውን ማውንት ሳያደርጉ (ሳይከፍቱ) በቲዩን2ኤፍኤስ ትእዛዝ አዲስ ዩዩአይዲ ይስጡት፤ ከዚያ የቅጂውን ኤፍኤስታብና የግራብ መስመር አብረው ይቀይሩ።