የኦም ሕግን በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ማስተማር
የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ፌት (PhET) የተባለ የሲሙሌሽን ስብስብ ውስጥ የቀጥተኛ ጅረት ሰርኪዩት መሥሪያ አለ፤ ነጻ ነው። በክፍለ ጊዜው መሃል ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንዳትቸገሩ ፋይሉን ቀድማችሁ አውርዱት፤ በብራውዘር ይከፈታል። አንድ ኮምፒውተር ለ2 ተማሪ ይሁን፤ 3ኛው ሲጨመር አንዱ ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

መጀመሪያ 5 ደቂቃ እንዳሻቸው ይነካኩት። ከዚያ ባትሪ፣ ሬዚስተር (ጅረትን የሚገታ ዕቃ) እና አሜትር (ጅረት መለኪያ) በተከታታይ ያገናኙ። ሬዚስተሩን 10 ኦም ላይ ትተው ባትሪውን 3፣ 6፣ 9 ቮልት ሲያደርጉት አሜትሩ 0.3፣ 0.6፣ 0.9 አምፔር ያሳያል፤ የኦም ሕግ የሚለው ይህንኑ ነው፦ ጅረት ማለት ቮልቴጅ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ነው። ቁጥሩን ከማየታቸው በፊት ግን ግምታቸውን ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ይህ ከተዘለለ ነገሩ ጨዋታ ብቻ ነው።

አሜትሩን ከሬዚስተሩ ጋር በትይዩ የሚያገናኝ አይጠፋም። የአሜትር ሬዚስታንስ ኢምንት ስለሆነ ጅረቱ ከልክ ያልፋል፤ ስክሪኑ ላይ ባትሪው በእሳት ይያያዛል። አትከልክሏቸው፤ ለምን እንደነደደ ራሳቸው ያስረዱ።

አንድ ጉድለት፦ የባትሪው የውስጥ ሬዚስታንስ ካልተስተካከለ ዜሮ ነው። እውነተኛ ባትሪ ግን ጭነት ሲበዛበት ቮልቴጁ ይወርዳል። በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ሙከራውን በእውነተኛ ባትሪና አምፖል ድገሙት።