«ይባረር!» ከማለታችሁ በፊት፦ የሚሸነፍ ቡድንን በአሥር ጨዋታ መመርመር

ቡድን በተከታታይ ሲሸነፍ ደጋፊ አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ቃል «ይባረር» ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። ችግሩ የአሰልጣኝ ድክመት፣ የስብስብ ድክመት፣ የአመራር ዝርክርክነትና ተራ ዕድለ ቢስነት በደረጃ ሰንጠረዥ ላይ መልካቸው አንድ መሆኑ ነው፤ አራቱም 14ኛ ላይ ያስቀምጣሉ። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። አራቱን ለይቶ ለማወቅ ደብተር፣ ስልክና አንድን ጨዋታ ሁለቴ የማየት ትዕግሥት ይበቃል። የሚከብደው ትዕግሥቱ ነው፤ በተለይ 3 ለ 0 ከተሸነፉ በኋላ።

ደብተሩን ማዘጋጀት

ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ገጽ ስጡ። አናቱ ላይ ተጋጣሚውን፣ ሜዳው የማን እንደሆነ፣ ካለፈው ጨዋታ ወዲህ ስንት ቀን እንደታረፈና ከቋሚዎቹ እነማን በጉዳት እንደሌሉ ጻፉ። አሰልቺ ይመስላል፤ ከአሥር ጨዋታ በኋላ ግን «ከሰባቱ ሽንፈት አምስቱ የመጣው ሦስት ቀን ብቻ አርፈን ስንጫወት ነው» የሚያሰኛችሁ ይሄው ነው።

ከአሥር ጨዋታ በታች አትፍረዱ። ከአምስት ጨዋታ ሦስቱ ከጠንካራ ቡድን ጋር ከሆኑ ማንኛውም አሰልጣኝ ሥራውን የማያውቅ ይመስላል። አርሰናል እ.ኤ.አ. የ2021–22 ውድድር ዓመትን የጀመረው በብሬንትፎርድ 2 ለ 0፣ በቼልሲ 2 ለ 0፣ በማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 0 ተሸንፎ ነው። አንድም ሳያገባ ዘጠኝ ጎል ተቆጥሮበት የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ተቀመጠ። ሚኬል አርቴታ ግን አልተባረረም፤ ዓመቱን በ69 ነጥብ 5ኛ፣ ቀጣዩን ደግሞ በ84 ነጥብ 2ኛ ሆኖ ጨረሰ። በሦስት ጨዋታ የፈረደ ሰው ያኔ ተሳስቷል።

ከኳሷ ርቆ ማየት

መጀመሪያ ጨዋታውን እንደ ደጋፊ እዩት፣ ጩኹ፣ ይውጣላችሁ። ደብተሩ የሚከፈተው በሁለተኛው ዕይታ ነው። በዚህኛው ዙር ኳሷን አትከተሉ፤ ኳሷ የት እንደምትገባ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

ቀዳሚው ነገር ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ያሉት አምስት ሰከንዶች ናቸው። ቡድናችሁ በተጋጣሚ ሜዳ ኳስ ባጣ ቁጥር አቁማችሁ ቁጠሩ፦ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ስንት ተጫዋች ወደ ኳሱ ሮጠ፣ ስንቱ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ስንቱ እጁን ዘርግቶ ቆመ? ሁለት ሰው ሮጦ ሌሎቹ ወደ ኋላ ከሸሹ ያ ጫና አይባልም፤ የሮጡት ሁለቱ በቀላሉ ይታለፋሉ፣ ከኋላቸው ያለው ሜዳም ባዶ ሆኖ ይቀራል። ሁሉም አብረው ቢሮጡ ወይም ሁሉም አብረው ቢመለሱ ይሻላል። ግማሹ እንዲህ ግማሹ እንዲያ የሚያደርግ ቡድን ትእዛዙ አልገባውም ወይም አላመነበትም። ሁለቱም ጥያቄ የሚቀርበው ለአሰልጣኙ ነው።

ቀጥሎ በተከላካይና በአማካይ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ይለካል። መለኪያው ሜዳው ላይ አለ። የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ከግቡ መስመር ወደ ፊት 16.5 ሜትር ነው። በብዙ ስታዲየሞች ሣሩ ደመቅና ፈዘዝ ባሉ ጭረቶች ይታጨዳል፤ በክልሉ ውስጥ ስንት ጭረት እንዳለ ቁጠሩና 16.5ን ለዚያ አካፍሉ። ሦስት ጭረት ካለ አንዱ 5.5 ሜትር ነው። አሁን ተጋጣሚ አማካይ ፊቱን ወደ ግባችሁ አዙሮ ኳስ ሲቀበል ምስሉን አቁሙ፤ በሁለቱ መስመሮቻችሁ መካከል ሁለት ጭረት ካለ ጥሩ ነው፣ ሦስት ያስኬዳል። አራትና ከዚያ በላይ ማለት 22 ሜትር ባዶ ሜዳ ነው፤ እዚያ የሚቆም ጨዋታ አቀጣጣይ ሻይ እየጠጣ ያቀብላል። በአንድ ጨዋታ ስምንት ጊዜ ያህል አቁማችሁ መዝግቡ። ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ብቻ የሚሰፋ ከሆነ ምንጩ ድካም ወይም የዘገየ ቅያሪ ነው፤ ከ10ኛው ደቂቃ ጀምሮ ሰፊ ከሆነ ግን ቡድኑ የተሠራው እንደዚያ ነው።

ከዚያ የተቆጠሩባችሁ ጎሎች ይመጣሉ፣ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የቴሌቪዥን ድጋሚ ምስል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመጨረሻው ቅብብል ነው፤ እናንተ ግን 15 ሰከንድ ወደ ኋላ መልሱት። አንድ የተለመደ ጎል እንውሰድ። የቀኝ መስመር ተከላካዩ ለማጥቃት ወደ ፊት ሄዷል፣ ኳሱ ይነጠቃል። የተጋጣሚ የክንፍ ተጫዋች በባዶው መስመር ሲፈተለክ የመሀል ተከላካያችሁ ሊዘጋው ወደ ዳር ይወጣል። መሀሉ ይከፈታል፣ ኳስ ይሻገራል፣ የቀረው ተከላካይ አጥቂውን ሳይደርስበት ይንሸራተታል፤ ጎል። ካሜራው የተንሸራተተውን ያሳያል፣ ስድቡ ሁሉ እሱ ላይ ይወርዳል። ከ15 ሰከንድ በፊት ብትመለከቱ ግን የመስመር ተከላካዩ ሲወጣ ቦታውን መሸፈን የነበረበት ተከላካይ አማካይ በተጋጣሚ የቅጣት ክልል አካባቢ ቆሞ ታገኙታላችሁ። በገጹ ላይ «ተከላካዩ ተንሸራተተ» ሳይሆን «የቀኝ መስመር ክፍት፣ ሽፋን የለም» ብላችሁ ጻፉ።

ሁሉንም ጎሎች በዚህ መንገድ በዓይነት ለዩ፦ ከማዕዘንና ከቅጣት ምት የመጣ፣ በመልሶ ማጥቃት የመጣ፣ ከራስ ግብ ክልል ሲመሠረት ከተነጠቀ ኳስ የመጣ፣ ከክንፍ በተሻገረ ኳስ የመጣ፣ ከሩቅ የተመታ፣ ፍጹም ቅጣት ምት። በአሥር ጨዋታ ከተቆጠሩ 18 ጎሎች ሰባቱ በአንድ መንገድ ከመጡ ችግሩ የልምምድ ሜዳው ላይ ነው፤ ተመሳሳይ ቀዳዳ ሁለት ወር ሙሉ ካልተደፈነ ደግሞ ሰበብ የለውም። 18ቱም የተበታተኑ ሆነው የአንድ ሰው ስም ከተደጋገመባቸው ጉዳዩ የዝውውር ነው።

ዕድልን መቀነስ

የሚጠበቅ ጎል፣ ብዙዎች ኤክስጂ የሚሉት፣ ከእያንዳንዱ ሙከራ ጎል የመገኘቱን ዕድል ደምሮ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ፍጹም ቅጣት ምት ወደ 0.8 ይጠጋል፤ ከ25 ሜትር የሚመታ ኳስ 0.03 አካባቢ ነው። ከቡድናችሁ ድምር ላይ የተጋጣሚውን ቀንሱና ልዩነቱን ጻፉ። የአሥሩ ጨዋታ ድምር አዎንታዊ ሆኖ ነጥቡ ከጠፋ፣ አጨራረስና ግብ ጠባቂ ላይ የተቀመጠ ችግር ወይም መጥፎ ዕድል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል። የዩርገን ክሎፕ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ በ2014–15 ለዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት የገባው በ17 ጨዋታ 15 ነጥብ ይዞ 17ኛ ሆኖ ነበር፤ ዓመቱን ግን 7ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ቁጥሩ የሚያሳስትበት ቦታ አለ። በጊዜ 2 ለ 0 የመራ ተጋጣሚ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ኳሱን ይለቅላችኋል፤ እናንተ ደግሞ 20 ጊዜ ትሞክሩና «ጨዋታውን ተቆጣጥረን ነበር» ትላላችሁ። ስለዚህ በሁለት ጎል ልዩነት ከተመሩ በኋላና ቀይ ካርድ ከታየ በኋላ ያለውን ለብቻው መዝግቡ። ፍጹም ቅጣት ምትንም ከድምሩ አውጡ። ኳስ በመቆጣጠር መቶኛ ደግሞ ጨርሶ አትጨነቁ፤ 65 በመቶው በሁለት የመሀል ተከላካዮች መካከል የሚመላለስ ቡድን ሞልቷል።

ጥፋቱ የማን ነው?

አሰልጣኙ ላይ የሚያሳርፉት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ አንድ ዓይነት ጎል ደጋግሞ መቆጠር፣ ከዕረፍት በኋላ ምንም አለመለወጥ፣ ቅያሪዎች ሁልጊዜ ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ መምጣት፣ ተጫዋቾችን ከቦታቸው ውጪ ማሰለፍና ተጋጣሚ አሰላለፉን ሲቀይር ለ20 ደቂቃ መደናገር። ከእነዚህ አንዱ ብቻ በቂ አይደለም። ሦስቱ ከአሥሩ ጨዋታ በስድስቱ ከታዩ «ይባረር» ማለት ተገቢ ነው፣ ያለ ሐፍረት በሉት።

ትክክለኛ አሰልጣኝ በዚያው ስብስብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ዣቢ አሎንሶ ባየር ሌቨርኩዘን ላይ አሳይቷል። በጥቅምት 2022 ሲረከብ ቡድኑ በስምንት ጨዋታ አምስት ነጥብ ብቻ ይዞ 17ኛ ነበር፤ በዚያው ዓመት 6ኛ ሆኖ ጨረሰ። በቀጣዩ ክረምት ግራኒት ዣካ፣ አሌሃንድሮ ግሪማልዶና ቪክቶር ቦኒፌስ ተጨመሩለት፣ 2023–24ን በ28 ድልና በ6 አቻ ያለ ሽንፈት የቡንደስሊጋ ዋንጫ አነሳ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ያለውን አስተካከለ፣ ቀጥሎ ለሚጫወትበት መንገድ የሚሆን ተጫዋች ተገዛለት።

አመራሩ ሲበላሽ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ማንቸስተር ዩናይትድ በሐምሌ 2024 የኤሪክ ቴን ሃግን ውል አራዘመ፣ በዚያው ክረምት ለእሱ የሚሆኑ አምስት ተጫዋቾች ገዛ፣ በጥቅምት መጨረሻ አባረረው። ተተኪው ሩበን አሞሪም በሦስት የመሀል ተከላካይ ይጫወት ነበር፤ የተረከበው ስብስብ ግን ለአራት ተከላካይ የተገነባ ነበር። ክለቡ በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። እንዲህ ያለ ክለብ ውስጥ አሰልጣኝ ብቻ መቀያየር የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ እንደ መቀያየር ነው።

መልሶ ግንባታውን መለካት

«ግንባታ ላይ ነን» የሚለው ቃል ለብዙ አመራር ጥሩ መደበቂያ ነው፤ ስለዚህ አስመዝኑት። በገጽ ላይ በዓመቱ ብዙ ደቂቃ የተጫወቱትን 14 ተጫዋቾች ከእነ ዕድሜያቸውና ውላቸው ከሚያበቃበት ዓመት ጋር ጻፉ። ከመስመር አጥቂዎች ጀምሮ ብዙዎቹ የሜዳ ተጫዋቾች ምርጥ ጊዜያቸው ከ24 እስከ 29 ባለው ነው፤ የመሀል ተከላካይና ግብ ጠባቂ ትንሽ ይዘልቃሉ። ከ14ቱ ሰባት ከ30 በላይ ከሆኑና አዲሱ ፈራሚ 31 ዓመቱ ከሆነ ግንባታ የለም። የአርሰናል የ2021 ክረምት ግዢ በዚህ መልክ ይነበባል፦ ኦዴጋርድ፣ ዋይት፣ ራምስዴል፣ ቶሚያሱ፣ ሎኮንጋና ታቫሬስ፤ ስድስቱም 23 ወይም ከዚያ በታች ነበሩ።

በአንድ ክረምት ከሦስት እስከ አራት አዲስ ቋሚ ይበቃል። ስድስትና ሰባት ሲሆኑ እስኪግባቡ ድረስ እስከ ኅዳር ነጥብ ይፈሳል። ቅደም ተከተሉም ከግብ ጠባቂ፣ ከመሀል ተከላካይና ከተከላካይ አማካይ ቢጀምር ይመረጣል፤ ሊቨርፑል በጥር 2018 ቫን ዳይክን፣ በዚያው ዓመት ክረምት አሊሰንን ካመጣ በኋላ ነው በ2019 የአውሮፓን፣ በ2020 የፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሳው።

«ለምን አይሸጡትም?» የሚለው ቁጣ መልሱ የሂሳብ መዝገብ ላይ ነው። ክለብ ተጫዋች በ60 ሚሊዮን ገዝቶ ለአምስት ዓመት ቢያስፈርመው በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ወጪ ይመዘገባል። ከሁለት ዓመት በኋላ በመዝገብ የቀረው ዋጋ 36 ሚሊዮን ነው፤ በ25 ቢሸጥ የ11 ሚሊዮን ኪሳራ ወዲያው ይታያል። ለዚህ ነው የከሸፈ ግዢ በውሰት የሚዞረው። ከ2023 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በዩኤፋ ደንብ ውሉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆንም ወጪው የሚከፋፈለው ቢበዛ በአምስት ዓመት ነው።

«ለፈርጉሰንም ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በኅዳር 1986 ማንቸስተር ዩናይትድ መጥተው የመጀመሪያ ዋንጫቸውን ያገኙት በ1990 ነው። ግን በእነዚያ ዓመታት የታዳጊዎችን ምልመላ ከሥሩ ሲለውጡ ነበር። አሰልጣኝ ጊዜ ሲጠይቅ በጊዜው ምን እየሠራ እንደሆነ በደብተራችሁ ላይ መታየት አለበት፦ የተደፈነ ቀዳዳ፣ የጠበበ ርቀት፣ ደቂቃ የሚያገኝ ወጣት። ከአሥር ጨዋታ በኋላ ሦስቱም ከሌሉ ጊዜው እየባከነ ነው።

አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ

ሌስተር የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ካነሳ ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በየካቲት 2017 ክላውዲዮ ራኒየሪን አሰናበተ። ተተኪው ክሬግ ሼክስፒር የመጀመሪያዎቹን አምስት የሊግ ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ፤ በጥቅምት እሱም ተባረረ። አዲስ ፊት ሲመጣ ተቀያሪ ወንበር ላይ የነበሩት ይነቃሉ፣ ልምምዱ ይከራል፣ መጥፎው ዕድልም ከዚህ በላይ መክፋት ስለማይችል መመለስ ይጀምራል። ስለዚህ አዲስ ገጽ ክፈቱ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች በእርሳስ ጻፉ። ከስድስተኛው ጀምሮ በስክሪብቶ፤ ያው የቀኝ መስመር ክፍት ሆኖ ካገኛችሁት የአሰልጣኙን ስም ትታችሁ የስፖርት ዳይሬክተሩን ስም ከላይ ጻፉበት።