ጉልቤ የባሕር ዓሣዎች፦ ገንዳቸውና ጎረቤቶቻቸው

ለሽያጭ የሚቀርብ ክላውን ትሪገርፊሽ (ጠንካራ ጥርስ ያለው ጠበኛ የባሕር ዓሣ) ብዙ ጊዜ ጣት ቢያህል ነው። ሲያድግ ግን እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ጠባዩም አብሮት ይከፋል። ስለዚህ ገንዳም ጎረቤትም የሚመረጠው ዓሣው ዛሬ ባለው ሳይሆን አድጎ በሚኖረው መጠን ነው።

ሊትሩን ብቻ አይቶ ገንዳ መግዛት ያሳስታል። ጠበኛ ዓሣ የሚከልለው ወለልና ዋሻ ነው፤ ቁመቱ ረዝሞ መሠረቱ የጠበበ ገንዳ ብዙ ውሃ ቢይዝም ለሚባረረው ዓሣ መሸሻ የለውም። ለፒካሶ ትሪገርፊሽ ወይም ለትልቁ ላየንፊሽ 150 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 540 ሊትር ግድም፣ መነሻ ይሁን። ክላውን ትሪገርፊሽ ከ1,000 ሊትር በታች ባይገባ ይሻላል። የ540 ሊትሩ ገንዳ ውሃ ብቻውን ከ550 ኪሎ ያልፋልና የቤቱ ወለል መቻሉን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ድንጋዩን አሸዋ ላይ አትደርድሩ። ትሪገርፊሽ አሸዋውን በአፉ እየነፋ ከሥር ይቦረቡራል፤ ድንጋዩ ሲናድ መስታወቱን ይሰነጥቃል። መጀመሪያ ድንጋዩን በታችኛው መስታወት ላይ አደላድሉ፣ አሸዋው ከዚያ ይግባ። ገመድም ይነክሳል፤ ማሞቂያው ከታች ባለው የማጣሪያ ገንዳ ውስጥ ይቀመጥ፣ ካልሆነ በፕላስቲክ መከለያ ይሸፈን። ሞሬ ኢል የተባለው እባብ መሰል ዓሣ ካለ ክዳኑ ላይ ቱቦ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሳይቀር በወንፊት ድፈኑ፤ ጭንቅላቱን ካሾለከ ቀሪው ሰውነቱ ይከተላል።

እነዚህ ዓሣዎች ብዙ ይበላሉ፣ ብዙም ያቆሽሻሉ። ፕሮቲን ስኪመሩ፣ ማለትም ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ፣ ከገንዳው እጥፍ ለሚሆን ውሃ የተሠራ ይሁን። የጨው መጠኑ በስፔሲፊክ ግራቪቲ (የውሃው ክብደት ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር) 1.025፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ይሁን፤ ከቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ ሳይሆኑ ዓሣ አይገባም። ይህ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ጎረቤት ሲመረጥ ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ማን የማን አፍ ውስጥ ይገባል? ማንስ የማንን ክንፍ ይነጫል? ላየንፊሽ ሰላማዊ ይመስላል፤ አፉ የሚችለውን ሁሉ ግን በአንድ ጊዜ ይውጣል። ራሱ ደግሞ ዘገምተኛ ነው፣ ረጃጅም ክንፎቹን ትሪገርፊሽ ይቀነጥስበታል። ላየንፊሽ የሚስማማው ከስኖውፍሌክ ሞሬና ከአፉ ከሚበልጥ ታንግ (አልጌ በል ዓሣ) ጋር ነው። ከትሪገርፊሾች ኒጀር የሚባለው ለዘብ ይላል። አንዱሌትድ ትሪገርፊሽን ግን ብቻውን አኑሩት፤ እኛ ጎረቤት እንዲገባለት አንመክርም። ሽሪምፕና ሸርጣን ለእነዚህ ጉልቤዎች ምግብ ናቸው።

አዲስ ዓሣ ለ4 ሳምንት በሌላ ገንዳ ለብቻው ይቆይ። ከዚያ ለዘብተኛው ቀድሞ፣ ጉልቤው መጨረሻ ይግባ። በሚገባበት ቀን ነባሮቹን አጥግቡ፣ ድንጋዩን አዘዋውሩ፣ መብራት አጥፉ፤ አዲሱን ቀዳዳ ባለው ግልጽ ሳጥን ውስጥ ለጥቂት ቀናት አቆዩት። የክንፉ ጫፍ ከተተለተለ፣ ከላይ ጥግ ይዞ ከቆመና ወደ ምግብ ካልመጣ እየተደበደበ ነውና በዚያው ቀን አውጡት።

ለመመገብ ስኩዊድ፣ ሽሪምፕና የባሕር ዓሣ ሥጋ ስጡ። የትሪገርፊሽ ጥርስ ማደጉን ስለማያቆም አንዳንዴ ከነቅርፊቱ ክላም (ባለሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ) ይጨመርለት። ወርቃማ ዓሣን በሕይወቱ መስጠት ግን ጉዳት አለው፤ ሥጋው ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም ይዟል።

የላየንፊሽ እሾህ መርዛማ ነው፤ እጃችሁን ስታስገቡ ዓሣው የት እንዳለ እዩ። ከወጋ የተወጋውን ቦታ ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ፣ ከ45 ዲግሪ ሳያልፍ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነክራችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።